ለሩቅ መንገድ አራት ጎማ

ማረሚያ ቤት፣ ሰኔ 9

ይድረስ ለእህቴ ለሚጣ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ እንዳለሁ አለሁ። አንድ ጥርሴ ወልቋል፣ ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል፣ ሌላው ሰላም ነው። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ከመጨረሻው ወዲህ ሰባት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ቆጥሬ ነበር። እስረኛ ምን ሥራ አለው፣ ይቆጥራል። ፖስታውን ስከፍት «አለቀ፣ እማዬ አንድ ነገር ሆናለች» አልኩ። ሳነበው የጎማ ጉዳይ! ድንቄም እህት! ሰባት ወር ጠፍታ ጠፍታ «የትኛውን ጎማ ልግዛ» ብላ ብቅ ትላለች። እውነቴን ነው፣ ሳቄ መጣ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ አለቀስኩ። እዚህ ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው፤ ስለ ጎሚስታ ሥራዬ የጠየቀኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።

ይህን ደብዳቤ ካንቺ በፊት የሚያነቡት ሃምሳ አለቃ ሰላም ብለውሻል። የሚገባውም የሚወጣውም በእሳቸው እጅ ያልፋል። አንብበው «ታይቷል» የሚል ማኅተም ይመቱበታል፤ ነገር ያለበትን ደግሞ ገልብጠው ፋይላችን ውስጥ ያኖሩታል። ስለዚህ ባልሽን ስታሚልኝ በልኩ ይሁን።

ወደ ጎማው። መኪናው ሃይብሪድ ነው ብለሻል። ሆዱ ውስጥ ያ ሁሉ ባትሪ ስላለ ከሚታየው በላይ ከባድ ነው። መጀመሪያ የምታዪው ክብደት የመሸከም ቁጥሩን ነው። አሁን ካለው ጎማ ቁጥር ዝቅ ያለ ከሰጡሽ፣ «ያው ነው» ብለው ቢምሉልሽም ጥለሻቸው ውጪ። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ መኪና ከቆመበት የሚነሳው በባትሪ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ጉልበቱ ግን ከመነሻው ሙሉ ነው። ጎማ ይበላል። ሞተሩ ዝም ስለሚል ደግሞ ጎማው ሲያጉረመርም ሁሉ ጆሮ ይገባል። መሐንዲሱ ባልሽ ጫጫታ አይወድም፤ ሠርጋችሁ ላይ ጮክ ብዬ ስስቅ ያየኝን አስተያየት አልረሳሁትም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፣ ቀኑ። አንቺ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠሪው፣ ይገባሻል። ጎማም እንደ መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ያረጃል። ጥርሱ ሳይነካ፣ ጥቁረቱ ሳይለቅ ውስጡ ይደርቃል። ጎኑ ላይ ከተጻፉት ፊደላት መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩሻል። ከአምስት ዓመት ያለፈውን እንዳትነኪ። ከውጭ በኩል ባታገኚው አትደንግጪ፤ በአንድ ጎኑ ብቻ ስለሚጻፍ ወደ ውስጥ ዞሮ ይሆናል።

መሐንዲሱ ሁለት ብቻ መቀየር ካማረው አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ። ሰው ሁሉ «ከፊት» ይላል፣ አትስሚ። ፊቱ ቢንሸራተት መሪ በእጅሽ ነው፤ ኋላው ከከዳሽ ግን ማንም አይመልሰውም። የሚሻለው አራቱንም መቀየር ነው።

አንድ ነገር አልገባኝም። ከቤት እስከ መድኃኒት ቤት አሥር ደቂቃ የምትነጂ ሴት፣ በክረምት «ለሩቅ መንገድ» ብለሽ የት ልትሄጂ ነው? እማዬስ ለምን በእጇ አንድ መስመር አልጨመረችልኝም?

ወንድምሽ

*

መድኃኒት ቤት፣ ሰኔ 22

ለወንድም ጋሼ፤

ሰላም ነህ ወይ? ስለ ጥርስህ አዝኛለሁ፤ የቱ እንደሆነ ባትነግረኝም የፊቱ አይሁን እያልኩ ነው። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ለሰባቱ ወር ይቅርታ አድርግልኝ። በየሳምንቱ እጀምርና «ምን ልበለው» ብዬ እቀደዋለሁ። የጎማው ነገር ሲመጣ ግን ተመስገን አልኩ፤ ቢያንስ የምጠይቅህ ነገር አገኘሁ።

የምጽፍልህ በምሳ ሰዓት፣ ከመደርደሪያው ጀርባ የሽሮፕ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነው። ቤት አልጽፍም። ለባለቤቴ አንተ አሁንም መርከብ ላይ ነህ። ባለፈው እራት ላይ «ወንድምሽ ዘንድሮም ፈቃድ አይሰጡትም?» አለኝ። «ባሕሩ ሩቅ ነው» አልኩት። ልጄ ደግሞ «አጎቴ ዓሣ ነባሪ አይቷል?» አለች። እኔ አፈር ልብላ፣ «ሁለት አይቷል» አልኳት።

የጎማ ሱቆቹን ዞሬ ጨረስኳቸው። ሦስት ዓይነት አለ፤ ሦስቱም ለበጋም ለክረምትም ይሆናል ይሉታል። አንዱ ረጅም ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ዋስትናም አለው። ሁለተኛው ነዳጅ ይቆጥባል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ሦስተኛው እርጥብ አስፋልት ላይ ይይዛል፣ ግን ቶሎ ያልቃል ይላሉ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ መጥቶ አየና «ቸርኬው ላይ የሚያምረውን ግዢ» ብሎኝ ሄደ። ሁለት መቶ ሺህ የሚያወጣ የቆዳ ወንበር አስለብሶ ከታች ስላለው ነገር ግድ የለውም። እኔ በአንተ ነው የማምነው፤ የቱን ልውሰድ?

እማዬ ለምን አልጻፈችም ላልከው፣ እጇን ትንሽ አሟታል።

አሁን ደግሞ የምሥራች። ጠበቃው ጉዳይህ እንደገና እንዲታይ ያስገባው ማመልከቻ ተቀባይነት አገኘ። ትሠራበት የነበረውን የጎማ ሱቅ ዘበኛም አገኘሁት! ሽማግሌው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊመሰክር ተስማምቷል። የጎማዎቹን ቀን በሞረድ እየፋቀ ለሰው የሚሸጠው ባለሱቁ ራሱ እንደነበር፣ አንተ ከመግጠም በቀር ሞረድ ስትይዝ አንድም ቀን እንዳላየህ ይናገራል። ያ መኪና ተገልብጦ አራት ሰው ሲሞት ባለሱቁ ገንዘቡን ይዞ ጠበቃ አቆመ፣ አንተ ግን ዘጠኝ ዓመት ተፈረደብህ። እኔ እንደሆንኩ አንድ ቀን ተጠራጥሬህ አላውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ አላልኩህም?

እህትህ

*

ማረሚያ ቤት፣ ሐምሌ 1

ይድረስ ለሚጣ፤

የጤናሽን ነገር ከጽሕፈትሽ ነው የማየው፤ መስመሩ ቀጥ ካለ ደህና ነሽ። ቀጥ ብሏል።

ደብዳቤሽን ሃምሳ አለቃው ራሳቸው እስከ ክፍላችን በር ይዘውልኝ መጡ። ምክንያት አላቸው። የባለፈውን የኔን ደብዳቤ ካነበቡ በኋላ የሞተር ብስክሌታቸውን ጎማ ሊያዩ ሄደው «አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ከትልቋ ልጄ ይበልጣል» ብለው ተመለሱ። አሁን የጥበቃ አባላት በየተራ ይጠይቁኛል። እዚህ ግቢ ውስጥ ጎሚስታነቴ የተከበረው ገና አሁን ነው።

በዝናብ የሚይዘውን ውሰጂ። ረጅም የሚሄደው ጠንካራ ነው፤ ጠንካራ ጎማ ውሃ ላይ እንደ ሳሙና ነው። ነዳጅ የሚቆጥበው መሐንዲሱን ደስ ያሰኘዋል፣ ቤንዚን ማደያ ሲደርስ። ፍሬን ስትይዢ ግን ማደያው አይረዳሽም። ቶሎ ያልቃል ይላሉ? ይለቅ። ጎማ የሚሠራው ሊያልቅ ነው። ለቸርኬው የሚያምረው ደግሞ ለፎቶ ነው።

ስለ ማመልከቻው ድካምሽን እግዜር ይቁጠርልሽ። ሽማግሌውን ግን ባታንገላቱት ጥሩ ነበር። ባለሱቁ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሞተ ሰው አፍ የለውም፣ በእሱ ላይ ማንም የፈለገውን መናገር ይችላል። የቀረኝ አምስት ዓመት ነው፣ እጨርሰዋለሁ። አንቺም ትዳርሽን ያዢ፣ የፍርድ ቤት ደጅ መጥናትሽ ይብቃ። ይህን የምለው ሳልወድሽ ቀርቼ አይደለም።

የእማዬ እጅ የሚያማት ቀኙ ነው ግራው? ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትዋሺ አጭር ነው የምታወሪው። እጇን ትንሽ አሟታል፣ ሦስት ቃል! ሩቅ መንገዱንም አልነገርሽኝም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው፤ ሳትደብቂ ንገሪኝ።

ወንድምሽ

*

መድኃኒት ቤት፣ ሐምሌ 14

ለወንድም ጋሼ፤

ሰላምታዬ ከናፍቆት ጋር ይድረስህ። እሺ፣ ተሸነፍኩ። ላስደንቅህ ብዬ ነበር፤ አንተ ግን መቼ ታስደብቃለህ!

እጇን አይደለም፣ ዓይኗ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እየደበዘዘ ሄዶ አሁን ከጥላ በቀር አታይም። ሐኪሙ የሚቻለውን አደረገ። እንዳትጨነቅ ብላ ራሷ ነች «አትንገሪው» ያለችኝ። ደብዳቤዎችህን የማነብላት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ፖስታውን ትዳስሰዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ከዚያ «አንብቢ» ትላለች። ስለ ጉልበትህ የጻፍከውን ዘልዬዋለሁ።

ሩቁ መንገድ ደግሞ ወደ አንተ ነው። ፍርድ ቤቱ ለክረምት ቢዘጋም ተረኛው ችሎት ለነሐሴ 20 ቀጠረ። ጠበቃው «የዘበኛው ቃል ካልተሰበረ በዚያው ቀን ይለቀቃል» ይላል። እኔና እማዬ ነሐሴ 17 ተነስተን በራሳችን መኪና እንመጣለን፤ ስንመለስ አንተ ከኋላ ከእማዬ ጎን ትቀመጣለህ። ሸሚዞችህን አሳጥባ አልጋዋ ጫፍ ላይ ደርድራቸዋለች። በየቀኑ እየዳሰሰች ትቆጥራቸዋለች። ስድስት ናቸው።

ጎማው ተገዛ! በትክክል ያልከውን፣ በዝናብ የሚይዘውን ዓይነት አገኘሁ። ለዚህ መኪና የሚሆን ትልቅ ቁጥር እንደ ልብ አይገኝም፤ አንድ ሻጭ ግን የተዘጋ ሱቅ ዕቃ በጅምላ ገዝቶ አራት ተመሳሳይ ነበረው። ጥርሳቸው አልተነካም፣ ጥቁረታቸው ያንጸባርቃል። የክብደት ቁጥሩን አየሁ፣ ልክ ነው። አራቱ የቀን ቁጥሮች ከውጭ በኩል የሉም፤ ፊደሎቹ የሚያልቁበት ቦታ ላይ እንቁላል የሚያህል ለስላሳ ነገር ብቻ ነው ያለው። የገጠመልኝ ልጅ «የፋብሪካው ወረቀት ተለጥፎበት የነበረ ቦታ ነው» አለኝ። አንተ «አትደንግጪ፣ ወደ ውስጥ ዞሮ ይሆናል» ስላልከኝ አልደነገጥኩም። ልጄ ስትዳስሰው እዚያው አጠገብ ሦስት ትንንሽ ጭረት አገኘችና «ድመት ቧጥጣዋለች» አለች። ስቀን ሞትን።

ከሰኞ ጀምሮ ልጄን ለክረምት ትምህርት የማደርሰው በእሱ ነው። በዝናብ ቁልቁለቱን ስወርድ አንተ አጠገቤ ያለህ ይመስለኛል።

እህትህ

*

ማረሚያ ቤት፣ ሐምሌ 19

ለሚጣ፤

ጎማውን መልሺው። ያ ዓይነት ለሃይብሪድ አይሆንም፣ ጎኑ ደካማ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። አልቀበልም ካሉሽ ጣይው፣ ሌላ ግዢ። እስከዚያው ልጅቷን በእግሯ አድርሻት። እማዬንም በዚህ ዝናብ መንገድ አታውጪያት፤ ነሐሴ 20 ባትመጡ ቅር አይለኝም። ስልክ እንዳልደውል የእስረኞች ስልክ ከተበላሸ ሦስተኛ ወሩ ነው። ብቻ አውልቂው።

ወንድምሽ

*

መድኃኒት ቤት፣ ሐምሌ 27

ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ነህ ብዬ ልጀምር ነበር፣ ግን ተናድጃለሁ። የተናደደ ሰው የሰው ጤና ቢጠይቅ ለይስሙላ ነው።

ሰኔ ላይ በሁለት ገጽ ያስተማርከኝን ሐምሌ ላይ በስድስት መስመር አፈረስከው። «በዝናብ የሚይዘውን ውሰጂ» ያልከው አንተ! አሁን «ጎኑ ደካማ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ»። ከማን ሰማህ? ከሃምሳ አለቃው ሞተር ብስክሌት? ሻጩ ጋ ሄጄ ነበር። «እንከኑን አሳይኝና እመልሳለሁ» አለ። ምን ላሳየው? ባለቤቴ ዙሪያውን አየና «እንዲህ ያለ ጎማ ነድቼ አላውቅም፣ ዝም ያለ ነው» አለ። በሰባት ዓመት ትዳር አንድ ነገር መርጬ ያመሰገነኝ ይሄን ብቻ ነው። እሱንም «ጣይው» ትለኛለህ።

እኔ የማውቀውን ልንገርህ። ፈርተሃል። ጎማውን አይደለም የፈራኸው፣ መፈታትህን ነው። ዘበኛውን አታንገላቱት፣ ደጅ መጥናት ይብቃሽ፣ ነሐሴ 20 አትምጡ። እስር ቤቱን ለመድከው እንዴ? እኔስ? አራት ዓመት ሙሉ ለባሌ ዋሽቻለሁ። ፍርድ ቤት ቆሜ፣ እጄን አንስቼ፣ «ወንድሜ ይህን አያደርግም» ብዬ ምዬልሃለሁ። ከሞቱት የአንዱ እናት ከኋላዬ ተቀምጣ «ለአንቺስ ወንድምሽን ያቆይልሽ» ስትለኝ ሰምቻለሁ። ትርጉሙ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እርግማን ይሁን ምርቃት። አንተ በአባታችን አጥንት ምለህልኝ ስለነበር ግን አንገቴን አልደፋሁም።

ስትዋሺ አጭር ነው የምታወሪው ብለኸኛል። ታዲያ ያንተ ስድስት መስመር ምንድን ነው?

ምክንያት ካለህ ምክንያቱን ጻፍልኝ። ካልጻፍክልኝ እማዬን ይዤ፣ በዚሁ ጎማ፣ ነሐሴ 17 ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እነሳለሁ። ልጄም «አጎቴን ከመርከብ እንቀበለው» ብላ እያለቀሰች ስለሆነ እሷንም አመጣታለሁ።

እህትህ

*

ማረሚያ ቤት፣ ነሐሴ 3

ይድረስ ለእህቴ፤

ይህ ሳይደርስሽ እንዳትነሺ እየለመንኩ ነው የምጽፈው።

መኪናው ጋ ሂጂ። ያ እንቁላል የሚያህል ለስላሳ ቦታ የፋብሪካ ወረቀት አይደለም። ሞረድ ነው። የኔ ሞረድ። ሦስቱ ጭረት የድመት አይደለም፣ በሚስማር የጫርኩት እኔ ነኝ። ጎማው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ታውቂያለሽ? እኔ ቀኑን ስፍቀው ስድስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስድስት ተጨምሮበታል። ሲያንጸባርቅ አትመኚው፣ ቅባት ነው። እሱንም የቀባሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ትልልቁን ቁጥር የሚገዛ ሰው ጥቂት ስለነበር መጋዘን ሞልቶ ቀረ። ባለሱቁ «ወይ ይጣላል ወይ ቀኑ ይጠፋል፤ ከተጣለ ያንተም ደመወዝ አብሮ ነው» አለኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር። ሌላ ሱቅ ነበር፣ ሌላ ሥራም ነበር። የዋህ ሆኜ ተታለልኩ እንዳልልሽ፣ ጎማ ሲያረጅ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እሁድ እሁድ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ዘበኛው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ነበር የምሠራው። ሽማግሌው አልዋሸም፣ አላየኝም።

ጭረቱን ለምን አደረግሁት? የራሴ ሰው ሲመጣ ለይቼ እንዳልገጥምለት ነው። አንቺ ብትመጪ፣ መሐንዲሱ ቢመጣ፣ ጭረቱን አይቼ «ይሄ አይሆናችሁም» እንድል። የሰው ይሙት፣ የኔ ይትረፍ ብዬ ምልክት አበጀሁ። ምልክቱን ግን ለማንም አልነገርኩም፤ እኔ ሁልጊዜ ሱቁ ውስጥ የምኖር መስሎኝ ነበር። አየሽ የኔን ብልጠት? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ሌላም አለ። «አትደንግጪ፣ ወደ ውስጥ ዞሮ ይሆናል» ያልኩሽ ትዝ ይልሻል? እሱ ነገር እውነት ነው፣ ጎማ በአንድ ጎኑ ብቻ ቀን ይጻፍበታል። ግን ያንን ቃል ባለሱቁ ነው ለገዢ በለው ብሎ ያስተማረኝ። ያ ሰውዬም፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የሞተው፣ «ቀኑ የታለ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ቃል በቃል ላንቺ የጻፍኩልሽን አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። ላንቺ ስጽፍ ክፋት አስቤ አይደለም፤ አፌ ስለለመደው ከእጄ ወጣ። ለገደልኩት ሰው የተናገርኩትን ቃል በሰኔ ለእህቴ ደግሜ እንደጻፍኩ የገባኝ ያንቺን የሐምሌ ደብዳቤ ሳነብ ነው። ያኔውኑ እውነቱን መጻፍ ሲገባኝ ስድስት መስመር ዋሸሁሽ። ነሐሴ 20 ቀርቤ፣ ተፈትቼ፣ ከእማዬ ጎን መቀመጥ አማረኝ። ይቅር በይኝ አልልሽም። የአባታችን አጥንት ይፋረደኝ።

አውልቂው። ልጅቷን አሁኑኑ አውርጃት።

ወንድምሽ

ከታች የጨመርኩት፦ ሃምሳ አለቃው አንብበው ጨረሱ። «ሌላ ወረቀት ልስጥህ?» አሉኝ። «ይሄው ይሂድ» አልኩ። ወደ በሩ ሄደው ተመለሱና ደግመው «ልላከው?» አሉኝ። «ዛሬውኑ ይላኩልኝ» አልኳቸው።

*

መድኃኒት ቤት፣ ነሐሴ 12

አራቱም ላይ ጭረቱ አለ። ደብዳቤህ በደረሰኝ ሰዓት የመድኃኒት ቤቱን በር ዘግቼ ሄጄ አስወለቅኳቸው። ወደ ውስጥ የዞረውንም ጎን አየሁት። ምንም ቀን የለም። አንደኛው፣ በልጄ በኩል ያለው፣ ከውስጥ ጣቴን የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረው። የገጠመልኝ ልጅ አይቶ ቁጭ አለ። ሕይወታችንን አትርፈሃል፣ እሱን አልክድም። አመሰግናለሁ ልልህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት።

ደብዳቤው ላይ ማኅተም የለም። ፖስታውን ገልብጬ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስቼ ፈለግኩ። ሃምሳ አለቃው «ታይቷል» አላሉበትም። ስለዚህ ፋይልህ ውስጥ አልገባም፤ ከእኔና ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም ማለት ነው። ለጠበቃው ምንም ሳልነግረው «ዘበኛው ከመሰከረ ይፈታል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ያለ ጥርጥር» አለኝ። ሦስት ቀን ይህን ተሸክሜ ዞርኩ።

ከዚያ እማዬ ጋ ሄድኩ። ፖስታውን ዳሰሰችው፣ አሸተተችው፣ «አንብቢ» አለችኝ። ሁልጊዜ እየዘለልኩ ነበር የማነብላት፤ ያን ቀን አንድ ቃል አልዘለልኩም። ስጨርስ «ልጆቹ ስንት ነበሩ?» አለችኝ። «ሁለት» አልኳት። ተነስታ በእጇ እየዳሰሰች ሸሚዞቹን ከአልጋው ጫፍ አነሳቻቸው። ስድስቱንም ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብታ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስምህን አልጠራችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ለባለቤቴም ነገርኩት። ጎማዎቹ የት ሄዱ ሲለኝ፣ «ወንድሜ መርከብ ላይ አይደለም» ብዬ ጀመርኩ። ጮኸ። መጮህም ይገባው ነበር። ከጮኸ በኋላ ግን ቁጭ ብሎ ሁሉንም ሰማኝ፤ እንዲህ ሲሰማኝ የመጀመሪያው ነው።

እኔ በቀን ሃምሳ ጊዜ የመድኃኒት ቀን አነባለሁ። አንድ ሰው ቀን ፍቆ ለታማሚ ቢሸጥና ወንድሙ ቢደብቅለት፣ ሁለቱንም ምን እንደምላቸው አውቃለሁ። ለአንተ የተለየ ስም ፈለግኩ፣ አጣሁ። ሽማግሌውን ወደ ቤቱ ሸኝቼዋለሁ፤ ያላየውን አላየሁም ብሎ ሰው ሊያስፈታ አይገባም።

ነሐሴ 20 እመጣለሁ። ሌላ አራት ጎማ ገዝቻለሁ፣ ቀኑን በጣቴ እየዳሰስኩ አንብቤ፤ ከተሠሩ አሥራ አንድ ሳምንታቸው ነው። ዳኛው ፊት ቀድመህ አንተ ከተናገርክ ዝም እላለሁ። ካልተናገርክ ያንተዎቹን አራቱን አውርጄ አሳያቸዋለሁ፣ ከነጭረታቸው። እማዬ አትመጣም። ጎማዎቹን ከኋላ ለመጫን ወንበሮቹን በሙሉ ማጠፍ ነበረብኝ፣ ከፊት ደግሞ ባለቤቴ ይቀመጣል። ስንመለስ አንተ የምትቀመጥበት ቦታ የለም።